በእፍኝ ያለቀ ወለል

ባለፈው ጳጉሜን 4 ቀን በአየርላንድ እምብርት፣ በሻነን ወንዝ ዳር፣ ጣሪያ አልባ በሆነ አንድ ጠባብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተንበርክኬ ነበር። ለጸሎት ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የተንበረከክሁት አፈር ለመዝገን ነው። አጣጥፌ የያዝኋትን ትንሽ ፌስታል ከኮቴ ኪስ አውጥቼ በግራ እጄ ከፈትሁና በቀኜ ከግድግዳው ሥር ያለውን ወለል ዳበስሁ። ጣቶቼ ያገኙት አፈር ሳይሆን ቀዝቃዛና እርጥብ የድንጋይ ንጣፍ ነበር። የንጣፉን መጋጠሚያ በጥፍሬ ልሞክር ስል ከበሩ በኩል አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ «ዘግይተሽ መጣሽ፤ እኛ ጨርሰነዋል» አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ከእናቴ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሐኪም ያዘዘላትን ትውጣለች፣ ጠበሉን ትጠጣለች፣ እምነቱንም ትቀባለች፤ አንዱ ሌላውን ይከለክላል ብላ አስባ አታውቅም። በሐምሌ ወር በስልክ ስናወራ፣ «ለመሆኑ እዚያ አገር ጻድቅ የለም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። እንዳለ፣ አገሩ በአንድ ዘመን በመነኮሳት የተሞላ እንደነበር፣ አብዛኞቹ ገዳማት ግን ዛሬ ፍርስራሽ መሆናቸውን ነገርኋት። ፍርስራሽ የሚለው ቃል ምንም አላስጨነቃትም። «ታዲያ ቢፈርስ አፈሩ የት ይሄዳል? ከአንዱ እምነት ላኪልኝ» አለች። የሃይማኖት መምህራን እዚህ ላይ የሚሉኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እናቴን ግን የሚያሳስባት የኬልቄዶን ጉባኤ ሳይሆን ጉልበቷ ነው።

በቋንቋችን እምነት በልብ የሚያዘውም፣ ከቤተ ክርስቲያን ተዘግኖ በጨርቅ የሚቋጠረውም ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የማውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ትኩሳት ሲይዘኝ እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ በአውራ ጣቷ ግንባሬ ላይ የምትቀባኝ፣ ሲደርቅ ቆዳዬን ሳብ የሚያደርገኝ ያ አመድማ ነገር ለእኔ እምነት ነበር። ረቂቁን ትርጉም የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ እናቴ «እምነት ላኪልኝ» ስትለኝ ምን እንደምትፈልግ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም፤ ያስፈለገኝ መኪናና አንድ የእረፍት ቀን ነበር።

የእንጨት ሠሪው ልጅ መስክ

ከብዙዎቹ የአየርላንድ ገዳማት ክሎንማክኖይዝን የመረጥሁት በበዓሉ ቀን ምክንያት ነው። መሥራቹ ቅዱስ ኪያራን የሚታሰበው ሴፕቴምበር 9 ነው፤ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጳጉሜን 4 ሆኖ አገኘሁት። እናቴ በጳጉሜን ውኃ ሁሉ ጠበል ነው ብላ በሌሊት ተነሥታ የምትጠመቅ ሰው ስለሆነች፣ ቀኑ የተመረጠልኝ እንጂ የመረጥሁት አልመሰለኝም። ከደብሊን ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ መንገዱ እየጠበበ፣ መሬቱ እየረጠበ ሄደና ረግረጉ መካከል ክብ ማማዎቹ ብቅ አሉ።

ቦታው ዛሬ ከዓለም የተነጠለ ይመስላል፤ ሲመሠረት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ከበረዶ ዘመን የቀረ ረጅም የአሸዋና የጠጠር ጉብታ ረግረጉን አቋርጦ ያልፋል፤ አየርላንድን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው ጥንታዊ መንገድ የሚሄደው በዚያ ጉብታ ላይ ነበር። ጉብታው ከሻነን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ኪያራን በ544 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተከለ። መናኝ ሸሽቶ የሚሄድበት ሳይሆን መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ነው የመረጠው። አባቱ እንጨት ሠሪ ስለነበር «የእንጨት ሠሪው ልጅ» ይሉታል፤ ገና 33 ዓመት ሲሆነው፣ ገዳሙን ከመሠረተ ብዙም ሳይቆይ በወረርሽኝ እንዳረፈ ይነገራል። ዕድሜውም የአባቱም ሙያ ማንን እንደሚያስታውስ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ የገድሉ ጸሐፊዎችም አልሳቱትም።

ስለ ኪያራን ከሚነገረው ሁሉ እኔን የያዘኝ የላሟ ታሪክ ነው። ወጣቱ ኪያራን ለትምህርት ወደ ክሎናርድ ገዳም ሲሄድ አንዲት ዳማ ላም ተከትላው ሄደች፤ ወተቷም ለተማሪው ሁሉ ይበቃ ነበር ይባላል። ላሟ ስትሞት ቆዳዋ በክሎንማክኖይዝ እንደ ንዋየ ቅድሳት ተጠበቀ፤ በዚያ ቆዳ ላይ ተኝቶ የሞተ ነፍሱ እንደማትጠፋ ሰዎች ያምኑ ነበር። በአይሪሽ ቋንቋ ብቻ ከተጻፉት እስከ ዛሬ ከቆዩት መጻሕፍት ቀዳሚው «የዳማዋ ላም መጽሐፍ» የሚል ስም የያዘው ከዚህች ላም ነው። ከቁም ጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ማይል ሙሬ በ1106 እዚያው በክሎንማክኖይዝ፣ በድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በወንበዴዎች እጅ ተገደለ። መጽሐፉ ከብዙ ስደት በኋላ ዛሬ በደብሊን በአየርላንድ ሮያል አካዳሚ ይገኛል፤ የቀረው 67 ቅጠል ብራና ነው። የዚያ ዘመን መነኮሳት መጻሕፍታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ችካል ላይ ይሰቅሉ እንደነበር ሳነብ ሳቅ መጣብኝ፤ የእኛን ማኅደር ከእነሱ ጋር ያነጻጸሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ከእኔ በፊት ተገርመዋልና።

ትልቁን ቤተ ክርስቲያን በ909 ያሠሩት ከፍተኛው ንጉሥ (ከአየርላንድ ነገሥታት ሁሉ የበላይ የሚባለው) ፍላን ሺናና አበ ምኔቱ ኮልማን ናቸው። ከፊት ለፊቱ የቆመው የመጻሕፍት መስቀል የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ መስቀል 4 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከግርጌው ለሁለቱ ሰዎች ጸሎት የሚለምን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት፣ በ1124 ተጠናቆ በ1135 ጫፉን መብረቅ የመታውን ማማ፣ በ1198 ያረፈውን የመጨረሻውን ከፍተኛ ንጉሥ የሮሪ ኦኮነርን መቃብር በየተራ አየሁ። ልቤ ግን ከፌስታሉ ጋር ነበር።

የወሰዱትና የተዉት

አስጎብኚዋ በፍርስራሽ ፊት የቆመ ጎብኚ ሁሉ የሚጠብቀውን ጥያቄ ራሷ ጠየቀችን፤ «ማን ያፈረሰው ይመስላችኋል?» ቫይኪንጎች ብለን በአንድ ድምፅ መለስን። ቫይኪንጎች በእርግጥ በሻነን ወንዝ በጀልባ እየወጡ ዘርፈውታል። ነገር ግን ዓመታዊ መዛግብቱን ለሚያገላብጥ ሰው ቦታውን ደጋግመው ያቃጠሉት የአየርላንድ ገዢዎች ራሳቸው ናቸው። የደቡቡ ግዛት የመንስተር ንጉሥ ፌሊሚ በ833 መነኮሳቱን ገድሎ የገዳሙን ይዞታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አቃጠለ፤ ይህ ሰው ራሱ የቤተ ክህነት ሰው ነበር። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው ነው። በ1179 ደግሞ 105 ቤቶች ተቃጠሉ። ቁጥሩን ስሰማ ያሰብሁት ስለ ቃጠሎው ሳይሆን፣ 105 ቤት የሚቃጠልበት ገዳም ከተማ እንጂ ገዳም ብቻ እንዳልነበረ ነው።

ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው። በ1552 በአቅራቢያው በአትሎን የሰፈረው የእንግሊዝ ጦር መጥቶ ገዳሙን በዘበዘ። መዛግብቱ የተዘረፈውን ሲዘረዝሩ ትላልቆቹ ደወሎች ከማማው እንደወረዱ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ደወል፣ ሥዕል፣ መሠዊያ፣ መጽሐፍ፣ ዕንቁ፣ የመስኮት መስታወት እንኳ ሳይቀር እንደተወሰደ ያትታሉ። አስጎብኚዋ ይህን በቃሏ ስትወጣው ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። እኔም በውስጤ ዝርዝሩን ተከተልሁ፤ ደወል፣ ሥዕል፣ መጽሐፍ፣ መስታወት። አፈር የለበትም። እሰየሁ፣ አፈሩን የፈለገ አልነበረም ብዬ ከቡድኑ ተነጥዬ ወደ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን አመራሁ።

ከንጣፉ በታች

ቴምፕል ኪያራን ከሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ታናሿ ናት። ከውስጥ ስትለካ ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም፤ አራት ሰው ጎን ለጎን ቢቆምባት ትጠባለች። ቅዱሱ የተቀበረው እዚህ ነው ይባላል። ግድግዳዎቿ አንዱ ወደ ውስጥ ሌላው ወደ ውጭ ዘምመዋል፤ በድንጋዮቹ መካከል ሣርና የድንጋይ ሽበት በቅሏል። ገብቼ ተንበርክኬ ወለሉን ስዳብስ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ሽማግሌው በአጥሩ ጥግ ካለው፣ የአካባቢው ሰው ዛሬም ከሚቀበርበት የመቃብር ቦታ የዘመዳቸውን መቃብር ጎብኝተው ሲመለሱ ነው ያገኙኝ። ሰባዎቹን ያለፉ፣ ጭቃ የነካው ቡትስ የተጫሙ ገበሬ ናቸው። ያፈርሁትን ማፈር አይተው መሰለኝ፣ አጠገቤ መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና ነገሩን አስረዱኝ። የዚህ አካባቢ ገበሬ ከዚህ ወለል አፈር እየዘገነ በማሳው አራት ማዕዘን ይቀብር ነበር፤ ሰብሉን ከበሽታ፣ ከብቱን ከክፉ ነገር እንዲጠብቅለት። አያታቸው በቅዱሱ በዓል ቀን ይመጡ ነበር፤ በመሐረብ ቋጥረው ይሄዱ ነበር። እንዲህ እየተባለ ወለሉ ወረደ፤ ወረደና ከውጭው መሬት ይልቅ ውስጡ ጎደጎደ። በመጨረሻ ሰው እንዳይዝቅ ተብሎ ድንጋይ ተነጠፈበት። «ሁሉም ትንሽ ነው የወሰደው» አሉኝ። «አያቴ መሐረብ ብቻ ነበር የያዙት።»

እኔም ፌስታል ብቻ ነበር የያዝሁት። ፌስታሉ አሁንም በእጄ ነበር፤ ነፋሱ እየነፋው ይንኮሻኮሻል፤ ልደብቀው ብል ይበልጥ ይጮኻል።

እዚያ ቆሜ ያሰብሁትን በቅደም ተከተል መጻፍ አልችልም፤ አንዱ ሐሳብ ሌላውን እየገፋ ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው ብል ይቀላል። ወታደሮቹ አንድ ጊዜ መጥተው የሚሸከሙትን ተሸክመው ሄዱ፤ ምእመናኑ ግን በየዓመቱ እየተመለሱ፣ መስቀል እያማተቡ፣ ባርኔጣ እያወለቁ ወለሉን ጨረሱት። ጠብታ ውኃ ድንጋይ ይበሳል። የዘመሙትን ግድግዳዎች እያየሁ፣ ሥሩ እየተዛቀ ቀጥ ብሎ የሚቆም ግድግዳ የት አለ ስል በልቤ ሞገትሁ። ዘራፊ የሚጠላውን ያጠፋል፤ አጥፊው የሚወድ ሰው ሲሆን ግን ምን ብለን እንጠራዋለን? በመዛግብቱ ውስጥ የገበሬው መሐረብ እንደ ንጉሥ ፌሊሚ እሳት ዓመተ ምሕረት ተሰጥቶት አልተጻፈም። ሊጻፍም አይችልም፤ አንድም እፍኝ ለብቻው ጥፋት አይደለምና።

ቁጣው ግን ብዙም አልቆየ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ በተመሳሳይ እጅ፣ ለተመሳሳይ ነገር ነበር የመጣሁት። ደግሞም ሌላውን ወገን ማሰብ ጀመርሁ። ከ1552 በኋላ ይህ ቦታ መነኩሴ አልነበረውም፣ ደወል አልነበረውም፣ ከጥቂቱ በቀር ጣሪያም አልነበረውም። መንግሥት በአደራ የተረከበው በ1955 ነው። በመካከል ያሉትን አራት መቶ ዓመታት ሰውን ወደዚህ ረግረግ ምን አመላለሰው? ድንጋዩማ ለአጥርና ለበረት የሚሆን ጥሩ ድንጋይ ነበር፤ የተረሳ ቤተ ክርስቲያን ድንጋዩ የት እንደሚገባ ማንም ገበሬ ያውቃል። ሰው ሙታኑን እዚህ ሊቀብርና አፈሩን ሊዘግን ስለመጣ ነው ቦታው ባለቤት ያላጣው። ወለሉን የበላው እጅና ግድግዳውን ከመዘረፍ ያዳነው እጅ አንድ እጅ ነበር ብዬ አሰብሁ። ይህን ማረጋገጥ አልችልም፤ በሌላ መንገድ ላስበው ግን እስካሁን አልሆነልኝም።

ንጣፉን ያነጠፈውን ሰውም ልወቅሰው አልቻልሁም። እኔ በቦታው ብሆን አነጥፍ ነበር። ነገር ግን ንጣፉ ወለሉን ሲያድን አንድ ነገር እንደዘጋም አልካድሁም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚህች ቤት የሚገባ ሰው አይቶ የሚወጣ እንጂ ይዞ የሚሄድ አይደለም።

የተጠለሉት መስቀሎች

ይህንኑ ሐሳብ ይዤ ወደ ሙዚየሙ ስገባ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። በሜዳው ላይ ቆመው ያየኋቸው ትላልቅ መስቀሎች ቅጂዎች ኖረዋል። ዋናዎቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዝናብና ከነፋስ ለማዳን ወደ ውስጥ ገብተው፣ በውጭ በየስፍራቸው አምሳያቸው ተተክሏል። ውስጥ ያለው የመጻሕፍት መስቀል በጥሩ ብርሃን ቆሟል፤ አንዱ ሥዕል ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በመካከላቸው አንድ እንጨት ይዘው ይታያል። ኪያራንና በኋላ ንጉሥ የሆነው ዲርሚድ የመጀመሪያዋን ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ሲተክሉ ነው የሚሉ አሉ፤ ንጉሥ ፍላንና አበ ምኔት ኮልማን ናቸው የሚሉም አሉ። የልብሳቸው እጥፋት ሳይቀር ይለያል። ውጭ ቆሜ ቅጂውን ሳይ ይህን ሁሉ አላስተዋልሁም ነበር። ስለዚህ መስቀሉን ማስገባታቸው ልክ ነው እላለሁ፤ የአሸዋ ድንጋይ በዚያ አገር ዝናብ ሌላ ሺህ ዓመት አይችልም።

ነገር ግን አንዲት አሮጊት ውጭ ባለው ቅጂ ፊት ቆመው ሲያማትቡ አይቻለሁ። ሙዚየሙ ውስጥ፣ በእውነተኛው ፊት፣ ያማተበ ሰው አላየሁም፤ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ፎቶ እናነሣ ነበር፣ እኔም ጭምር። በግድግዳው ዙሪያ ከተደረደሩት የመቃብር ድንጋዮች (ከ700 በላይ በቦታው ተገኝተዋል) በብዙዎቹ ላይ ስምና «ጸሎት ለእገሌ» የሚል አጭር ልመና ተቀርጿል። ልመናው ለሚያልፍ ሰው የተጻፈ ነው። አልፌ ከሄድሁ በኋላ ትዝ ብሎኝ ተመለስሁና ለአንዱ፣ ስሙን አጥርቼ ላላነበብሁት ሰው፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁለት።

ስወጣ ሽማግሌው መኪና ማቆሚያው አጠገብ ነበሩ። ባዶ ፌስታሌን አይተው ይሁን አዝነውልኝ፣ በእጃቸው ከወንዙ ማዶ ሳይሆን ከጉብታው ወዲያ ያለ አረንጓዴ መስክ አሳዩኝ፤ ሁለት ጥቁር ላሞች ከአጥሩ ጥግ ተጠግተው ቆመዋል። «አያቴ የቀበሩት እዚያ ማዕዘን ላይ ነው። ከፈለግሽ ከዚያ ውሰጂ» አሉኝ። የእናቴ ጥያቄ የተመለሰልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ቢፈርስ አፈሩ የት ይሄዳል ብላኝ አልነበር? ደወሎቹ ከወጡ አልተመለሱም፤ ወለሉ ግን የትም አልሄደም። ሻነንን ተከትሎ በየማሳው ማዕዘን፣ በገብስና በሣር ሥር፣ በእፍኝ በእፍኝ ተበትኖ ተቀምጧል።

ልሂድ ልቅር ስል ጥቂት ቆየሁ። በመጨረሻ አመስግኜ እንቢ አልሁ። ምክንያቴን ለሳቸው በእንግሊዝኛ ማስረዳት ከበደኝ፤ በአማርኛ ግን ቀላል ነው፤ የድንበር አፈር አይነካም።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ባዶ እጄን መመለሴን ስነግራት የሚቆጣ ድምፅ ጠብቄ ነበር። ስለ ንጣፉ ነገርኋት፣ ስለ መሐረቡ ነገርኋት፣ ከማሳው ማዕዘን ውሰጂ ስባል እንቢ ማለቴንም ነገርኋት። «ደግ አደረግሽ፤ የሰው ከብት የሚጠብቅ ነገር አይወሰድም» አለች። እናቴ ከተማ ከገባች ሃምሳ ዓመት ቢሆናትም ያደገችው በበረት ነው። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ፣ «ለመሆኑ ላሞቻቸው ደኅና ሆኑላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እሱን አልጠየቅኋቸውም ነበር።